ባለቤቴ በራሱ ላይ የጻፈው ክስ

ሰው ሲሞት ልብሱ ለደሃ ይሰጣል። ወረቀቱስ ለማን ነው የሚሰጠው? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ ባለቤቴ አያሌው ሲሞት ሰባት ማዳበሪያ ሙሉ ወረቀት ታቅፌ ቀረሁ።

አያሌው እዚህ ቆሰበር፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሸራ ወጥሮ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ገበሬው በአዊኛ ይነግረዋል፣ እሱ በአማርኛ ታይፕ ያደርገዋል። የጻፈውን ሁሉ በካርቦን አንድ አንድ ቅጂ ያስቀር ነበር። ምን ይሠራልሃል ስለው፣ ሰው በደሉን ይረሳል ይለኛል። እስቲ አሁን በደሉን የሚረሳ ሰው አይታችኋል?

ብቻ ሙያውን ያውቅበት ነበር። አንድ የጥሊሊ ሽማግሌ ለሠርግ ያዋሱት ፈረስ እያነከሰ ቢመለስላቸው ሊከሱ መጡ። አያሌው ጽፎ ሲያነብላቸው እንባቸው ወረደ። ድገምልኝ አሉት፣ ደገመላቸው። እኔ እኮ ይህን ያህል መበደሌን አላወቅሁም ነበር አሉና ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ክሱን ሳያስገቡ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሲነበብላቸው ወጣላቸው መሰለኝ።

የሙያው ምስጢር አንዲት ቃል ነበረች። ባለጉዳዩ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ሌላስ? ይለዋል። እንደገና፣ ሌላስ? እውነተኛው ነገር የሚወጣው ሦስተኛው ላይ ነው ይል ነበር።

እኔም አንድ ጊዜ ባለጉዳዩ ሆኛለሁ። ልጃችን ሁለት ዓመት ሳይሞላት በሳንባ ምች ሞተችብን። አያሌው በአራተኛው ቀን ታይፑን አንሥቶ ሥራ ገባ። ማታ ሲመለስ፣ ፍቺ እፈልጋለሁ፣ ያገሩን ክስ የምትጽፈው አንተ ነህና የእኔንም ጻፍ አልኩት። ወረቀቱን ከነካርቦኑ ታይፑ ላይ አስገባ። እኔም ደረደርኩ። አያዋራኝም፤ እናቱ ሲሰድቡኝ ዝም ይላል፤ ለልጁ አላለቀሰም።

ሌላስ? አለኝ። ሌላስ? ሦስተኛውን ሲጠይቀኝ፣ ይበቃኛል አልኩት። እሱ ግን ታይፑን መምታቱን ቀጠለ። ጨርሶ ሲሰጠኝ ሳላነበው ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። በማግሥቱ፣ ላስገባልሽ ወይ? አለኝ። ተቃጥሏል አልኩት። ታረቅን እንግዲህ። ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖርን።

ማዳበሪያዎቹን የወሰደልኝ ለከተማው ቤተ መዛግብት የታሪክ ሰነድ የሚሰበስበው እንየው ነው። ዱሮ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፣ አያሌውንም ያውቀዋል። በሁለት ባጃጅ አስጭኖ፣ በደረሰኝ ተረክቦ ሄደ። ወር ሳይሞላ አስጠራኝ።

“እትዬ ጥሩ፣ አንድ የፍቺ ክስ አገኘሁ” አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። “ከሳሿ እርስዎ ነዎት።”

ካርቦኑን የት አስቤው! ተቀምጬ አነበብኩ። አንደኛው የእኔ ነው፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛ አለው። “ተከሳሹ ልጃችን ታማለችና ድረስ ተብሎ ሲላክበት፣ የሰው ማመልከቻ ልጨርስ ብሎ ዘገየ። ፈጥኖ ደርሶ ቢሆን ልጅቱ ባልሞተች ነበር።”

እኔ ይህን አላልኩም። በልቤም አስቤው አላውቅም።

እኛ አገር ሞተች ተብሎ ይላካል እንዴ? መርዶ እንዲያ አይነገርም። ጎረቤቴን “ታማለች በይው” ብዬ የላክኋት፣ የልጄን ዓይን ከከደንኩ በኋላ ነው። እየበረረ ቢመጣም የሚደርስበት ነገር አልነበረም። እሱ፣ እኔ ስዘገይ ሞተች ብሎ ያዘ። እኔ ደግሞ የተላከበት ከሞተች በኋላ መሆኑን ያውቃል ብዬ ተቀመጥኩ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላወራንም። ሲገባ ሲወጣ የሰው ክስ የሚጽፍ ሰው፣ የራሱን ክስ ማዳበሪያ ውስጥ አስቀምጦ አብሮኝ ይተኛ ነበር።

ወረቀቱን መልስልኝ አልኩት እንየውን። ተመዝግቧል፣ አይወጣም አለኝ። ነገ አንድ ተመራማሪ መጥቶ ልጁን በቸልታ የገደለ አባት ብሎ ሊጽፈው ነው ብዬ ብለምነውም እምቢ አለ። እንግዲያስ መልስ ልጻፍበት አልኩት።

“ከሳሽ መልስ አይሰጥም፣ እትዬ። ክስ ማንሣት ግን ይችላሉ።”

በዕድሜዬ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ጻፍኩ። ተከሳሹ አልዘገየም፤ ሲላክበት ልጅቱ ሞታ ነበር፤ ክሴን አንሥቻለሁ። ሦስት መስመር ብቻ ነው። አያሌው ቢሆን ሌላስ ይለኝ ነበር፤ ሌላ ግን የለኝም።

እንየው አነበበውና ራሱን ነቀነቀ። ሰነድ የሚቀመጠው በቀኑ ነው አለኝ። የዛሬን ቀን ከያዘ ሌላ ሳጥን፣ ሌላ መደርደሪያ ይገባል። ክሱን ያገኘ ሰው ይህን አያገኘውም። ይህን ብሎ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የወዲያኛውን ክፍል መስኮት ከፍቼ ልምጣ ብሎ ወጣ።

የክሱን ቀን ጻፍኩበት።

ስለዚህ በከተማችን ታሪክ ውስጥ አንድ የሐሰት ወረቀት አለ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያ ወረቀት መሠረት አያሌው ተከሶ የቆየው አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። እውነተኛውን ሃያ ስድስት ዓመት የሚያስቀምጡበት ሳጥን የላቸውም።