የአደር ኢስማኤል ከሰልና የእኔ ዓይን

ከዛሬ ጀምሮ "የላብራቶሪ ባለሙያ" ብሎ የሚጠራኝን ሰው ብሎክ አደርጋለሁ! ቀልዴን አይደለም።

ቆይ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ስሙኝ።

ጅጅጋ ላብራቶሪ ውስጥ እንደምሠራ ታውቃላችሁ። የድንጋይ ከሰል ሲመጣልኝ ፈጭቼ፣ በአሲድ አሟምቼ ማሽን ውስጥ እከተዋለሁ። ማሽኑ በዓይን የማይታየውን ይለካልኛል፤ አርሰኒክ፣ ሜርኩሪ፣ እርሳስ። የምንጽፍበትን እርሳስ አይደለም፣ መርዙን ነው!

ባለፈው ሳምንት አደር ኢስማኤል ግማሽ ጆንያ ከሰል በባጃጅ ጭነው መጡ። እዚህ ትልቅ ሰው "አደር" ነው የሚባለው፣ አጎቴ እንደማለት። ድርቁ ከብቶቻቸውን ከጨረሰባቸው በኋላ ከመንደራቸው ሰዎች ጋር ከሰል መቆፈር ጀምረዋል። አንድ ፋብሪካ ከሰሉን ከእነሱ ሊገዛ ተስማምቷል፤ ግን መርዝ እንዳልበዛበት የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጋል።

ወረቀቱ የሚወጣው ደግሞ ከእኔ እጅ ነው። ጉዳቸው ፈላ!

ትናንት ሪዛልቱ ወጣ። እርሳሱ ጣሪያ ነክቷል! እኔ ደግሞ መቼም ታውቁኛላችሁ፣ ወዲያው ስልክ አነሳሁ። "አደር፣ ከሰልዎ እርሳስ በዝቶበታል።"

"ወላሂ ልጄ፣ እኛ መሬቱ የሰጠንን ነው ያመጣነው" አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ሆዳን ወረቀቱን አየችና "ባዶውስ?" አለች።

ባዶ የምንለው ከሰል የሌለበት፣ አሲድ ብቻ ያለበት ብልቃጥ ነው። ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሠራል፤ ምንም ስለሌለበት ምንም ማሳየት የለበትም። ሠርቼዋለሁ። ማሽን ውስጥም ከትቼዋለሁ። ቁጥሩን ማየት ብቻ ነው የረሳሁት!

አየነው። ባዶው እርሳስ በእርሳስ ነው።

ሆዳን አሲዱን ጠረጠረች። ውሃውን ጠረጠረች። ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"አንቺ፣ ይሄ ኩል ከየት ነው?"

ከቶጎጫሌ! ጎረቤቴ ሰሞኑን ያመጣችልኝ፣ "ደብረ ብርሃን ስትሄጂ እናትሽ አታውቅሽም" ያለችኝ የድንጋይ ኩል! አቧራው ዓይኔን ሲያሳክከኝ በጓንቴ አሸት አሸት አደርገዋለሁ፤ ከዚያ በዚያው ጓንት ብልቃጥ። አራት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው?

ኩሉን ራሱን ለካነው። ማሽኑ ከእርሳሱ ብዛት ሊያብድ ምንም አልቀረው!

ፊቴን በሳሙና ታጥቤ፣ ጓንት ቀይሬ፣ ሁሉንም እንደገና ሠራሁት። አሥር ሰዓት ላይ ባዶው ባዶ ሆነ። የአደር ኢስማኤል ከሰል እርሳስ? እዚህ ግባ የማይባል! ላብራቶሪው ውስጥ እልል አልኩ።

ከዚያ መደወል መጣ። "አደር፣ ከሰልዎ ደህና ነው። መርዙ እኔ ዓይን ላይ ነበር" አልኳቸው።

ለካ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገውታል! ሰፈሩ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

እሳቸው ግን አልሳቁም። "አንቺስ ልጄ? ዓይንሽ አልተጎዳም? ወረቀቱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ" አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ ያላለቀስኩት ሴትዮ እዚህ ጋ አለቀስኩ። ደግነቱ የሚፈስ ኩል የለም!

ነገ ዓይኔን ታይቼ፣ ወረቀቱን ራሴ በሚኒባስ አደርስላቸዋለሁ። ከእንግዲህ ባዶውን ሳላይ ስልክ አልነካም።

እና ሰሞኑን "ዓይንሽ እንዴት ያምራል" ስትሉኝ የነበራችሁ፣ ባዶ ያየሁት ላብራቶሪው ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ነገ ያለ ኩል መስታወት ፊት ስቆም ሌላ ባዶ ይጠብቀኛል?