ሊቀ ብልሽት አያ አስናቀው

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ፤ መኪናው ሲበላሽ ሹመት የሚደርሰው። ሌላው ተሳፋሪ ሰዓቱን እያየ ሲያማርር እሱ እጅጌውን ይሰበስባል። የእኛ መስመር ተሿሚ አያ አስናቀው ናቸው፤ ዳባት እህል ይነግዳሉ። እኔ በሆዴ የሰጠኋቸው ሙሉ ማዕረግ ግን "ሊቀ ብልሽት ወመጋቤ ድንጋይ" ነው።

ጎማ ሲፈነዳ እኛ ገና "ምን ሆነ?" ስንባባል እሳቸው በሩን ከፍተዋል። "የቆመ ማኪና ቤት አይደለም። ውረዱ፣ ከመንገዱ ራቁ!" ከዚያ ሥራ ያከፋፍላሉ፤ አንዱ ድንጋይ ለጎማው፣ ሌላው የባሕር ዛፍ ቅጠል ከመታጠፊያው ማዶ። ከረባት ያሰረ ጠበቃ ቅርንጫፍ ሲያስጎትቱ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዴማ ሾፌራችን ላቀው ድንች ሊገዛ ወርዶ ሲመለስ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎ፣ ከኋላ ቅጠል ተነጥፎ ጠበቀው። ምኑም አልተበላሸም ነበር እኮ።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን መጨረሻው ነው። ስንቱ ሾፌር ድንጋዩን አስፋልት ላይ ጥሎ እብስ ይላል። አያ አስናቀው ያሉበት መኪና ግን የመጨረሻዋ ቅጠል ሳትነሳ ንቅንቅ አይልም። እኔ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ባለፈው ነሐሴ አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ጉሙ እጅ አያሳይም፣ ብርዱም አጥንት ይሰብራል። ሁሉም ወረደ፤ ቅጠሉም ተጣለ። ከኋላ ወንበር ሕፃን የታቀፈች የትነበርሽ የምትባል እናት ግን በዚህ ብርድ ልጄን አላወጣም ብላ ተቀመጠች። እኔም ደግፌያት ከአጠገቧ ቀረሁ።

"ምነው አያ አስናቀው፣ ቢተዋት?" አልኳቸው።

ክቡርነታቸው አልተከራከሩም። ሕፃኑን ከእቅፏ ወሰዱና በጋቢያቸው ጠቅልለው ከመንገዱ ዳር ያለውን ዳገት ተያያዙት። እናት እየተራገመች ተከተለች። እኔም ላስታርቅ ወጣሁ።

ዳገቱን ሳንጋመስ ከጉሙ ውስጥ ከባድ መኪና ብቅ አለ። ቅጠሉን አይቶ ፍሬን ያዘ፤ ግን አስፋልቱ እርጥብ ነበርና እየተንሸራተተ መጥቶ ሚኒባሳችንን ከኋላ ገጨው። የየትነበርሽ ወንበር ከፊተኛው ጋር ተጣበቀ። የከባዱ መኪና ሾፌር በእግሩ ሲወርድ አየንና ተመስገን አልን።

የትነበርሽ ሣሩ ላይ ዘጭ አለች። ልጇን ከነጋቢው ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። አያ አስናቀው ሕፃኑ ያራሰውን ኮታቸውን እያራገፉ፣ "ሸጋ ልጅ ነው" አሏት።

ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ሁለቱም መኪኖች ከመንገዱ ተነሡ፣ ሌላ ሚኒባስም ደረሰልን። ሁሉም ወንበር ሲሻማ ዞር ብል አያ አስናቀው የሉም። ጋቢያቸውን ለየትነበርሽ ትተው፣ በኮት ብቻ፣ አስፋልቱ ላይ ጎንበስ ቀና ይላሉ። አዲሱ ሾፌር ጡሩምባውን ነፋ፤ እንደሚቸኩልም ነገረን።

"ትጠብቃላ!" ብዬ ጮህኩበት። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ወርጄ ትልቁን ድንጋይ ተሸከምኩና ወደ ጥግ ወሰድኩ። እንኳን ሊያመሰግኑኝ ቀና ብለውም አላዩኝም።

"ቅጠሉ ቀርቷል" አሉኝ።

ሄጄ ለቀምኩ።