ሙሽሪትን በጆንያ

የቤት ጽዳት ከፍርሃት የሚወለድ ነገር ነው ብላችሁ ትቀየሙኝ ይሆን? የእንግዳ ዓይን የሚፈራ ሳሎኑን ይወለውላል፤ አማቷን የምትፈራ የድስቱን ቂጥ ሳይቀር ትፈትጋለች። ምንም የማይፈራ ሰው ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? አትግቡ። እኔ ጅግጅጋ በመምህርነት በኖርኩባቸው ዓመታት ቤቴ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ፈርቼ ነዋ! ያውም አንዲት ድመት።

ድመቷ የአከራያችን የኤዶ ሀዋ ናት። ኤዶ ሶማሌዎች "አክስቴ" ሲሉ ነው፤ ግቢው ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል። ነጭ ድመታቸውን በየዒዱ ግንባሯንና ጆሮዎቿን ሂና ይቀቧታል፤ ስሟንም አሮሳድ አሏት፣ ሙሽሪት ማለታቸው ነው። ሙሽሪት የፈለገችው ቤት ትገባለች፣ ያማራት አልጋ ላይ ትተኛለች። "ድመት ንጹሕ ናት፤ እሷ በጠጣችበት ውሃ ለሶላት ዉዱ እናደርጋለን" ይላሉ ኤዶ ሀዋ። እኔ ደግሞ እሷ በረገጠችበት ሁሉ በረኪና ይዤ እከተላለሁ።

ነገሩ የከፋው ባለቤቴ ትዕግስት ስታረግዝ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ይኸኛው ሦስተኛው ነው። ነርሷ "የድመት ዓይነ ምድር ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው" አለችን። ጓንት አድርጎ ሌላ ሰው ይጥረገው፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ እያለች ስትቀጥል፣ የእኔ ጆሮ "አደገኛ" ላይ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። ወለሉን በቀን ሦስቴ ሳጥብ የበረኪናው ሽታ ትዕግስትን ያስመልሳት ጀመር። "ግርማ፣ ድመቷ ሳትገድለኝ አንተ ልትገድለኝ ነው!" አለችኝ። ለኤዶ ሀዋ መናገር ነበረብኝ። ግን "ሙሽሪትን ያስወጡልኝ" ብዬ ከግቢው የምወጣው እኔ ብሆንስ? ነፍሰ ጡር ይዤ የት እገባለሁ? ስለዚህ አፌን ዘግቼ ጆንያ ፈለግሁ።

ጆንያው እናቴ ጤፍ የላከችበት ነው፤ "ለመምህር ግርማ" ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። ገለበጥኩትና ጽሑፉ ወደ ውስጥ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት ኤዶ ሀዋ ገበያ ሲወጡ ሙሽሪትን በሥጋ አታልዬ ከተትኳትና በባቢሌ በኩል የሚያልፍ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ድመት መንገዱን ካላየች አትመለስም ሲባል ሰምቼ ነበር።

መንገዱን የምታውቁት፣ ኬላ እንዳለም ታውቃላችሁ። ፈታሹ ከወንበሩ ሥር ጆንያውን ጎተተና "የማነው?" አለ። በዚያ መንገድ ኮንትሮባንድ ፈታሽ "የማነው?" ሲል ሁሉም ሰው በመስኮት ተራራ ያያል። እኔም ተራራ አየሁ። "ባለቤት ከሌለው ተወርሷል" አለ ፈታሹ።

የተወረሰው ዕቃ "ሚያው" አለ።

ጆንያው ሲፈታ ብቅ ያለውን ቀይ ግንባር አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አዩና ጮኹ። "ወላሂ፣ ይቺ የሀዋ አሮሳድ ናት! የቱ ሌባ ነው?" ወዲያው ለኤዶ ሀዋ ደወሉላቸው። ሙሽሪትም ተመልሳ ከነጆንያዋ ወደ ጅግጅጋ በሚሄድ መኪና ተላከች። እኔስ? "አይ የዘንድሮ ሌባ!" ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ። ባቢሌ ድረስ ሄጄ፣ ለጉዞዬ ምክንያት እንዲሆነኝ ሁለት ኪሎ ለውዝ ገዝቼ ተመለስኩ።

ግቢ ስገባ ሙሽሪት ደጃፌ ላይ ተጋድማለች። ኤዶ ሀዋ ጆንያውን ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ እያወረዱ ነበር።

"ማሊን" አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። "ጆንያህን አጥቤልሃለሁ። ገልብጬ ሳጥበው ስምህን አገኘሁ።"

ለውዙ ከእጄ ወደቀ። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ያጣናቸውን ሁለቱን፣ ነርሷን፣ ከግቢ መባረር መፍራቴን። እንባዬ መቼ እንደመጣ አላውቅም። ኤዶ ሀዋ ጆንያውን አጣጠፉ። አለቀልኝ፣ ዛሬውኑ ውጣ ሊሉኝ ነው ብዬ ደርቄ ቆምኩ።

"እኔም ሦስት ቀብሬያለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ለምን አልነገርከኝም? በር እዘጋባት አልነበር?" ከዚያ ሙሽሪትን አቅፈው አነሱና ሆዷን አሳዩኝ። "እሷም እኮ አርግዛለች፣ ማሊን።"

ለአንዷ ነፍሰ ጡር ፈርቼ ሌላዋን በጆንያ አስሬ ነበር። መሬት ብትከፈት በገባሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሽሪት ኤዶ ሀዋ ክፍል ተዘጋባት፤ ጓንት አድርጎ ግቢውን የሚጠርገው መምህር ግርማ ሆነ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ትዕግስት ባቃሰተች ቁጥር ብድግ እላለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አይደል? አንድ ቀን በሩ ክፍት ተገኝቶ ሙሽሪት የሚወለደውን ልጅ ልብስ አጥቤና ተኩሼ ባስቀመጥኩበት ካርቶን ውስጥ አራት ወለደች። ኤዶ ሀዋ ብቅ ብለው አዩና "ንጹሕ ቤት መርጣ ነው" አሉ። ልብሱን በሙሉ እንደገና አጠብኩ።

ልጃችን በሰላም ተወለደች። ዓመት ሲሞላት ኤዶ ሀዋ ሂና በጥብጠው መጥተው ትንንሽ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቀቧት። ምነው ብላቸው እኔን ዞር ብለውም አላዩኝ፤ ለትዕግስት ነው የመለሱላት።

"እንግዲህ አባቷ በጆንያ ይዟት ቢሄድ፣ ኬላው ላይ ትታወቃለች።"