ቁጭ ብሎ መዳኘት

ሽልማት የሚባለው ነገር ቅጽ ባይኖረው ኖሮ ስንቱ በተሸለመ! እናንተስ ሞልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስሞላ ነው የኖርኩት። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለሆንኩ ሰፈሩ ቅጽ የተባለ ሁሉ እኔን የሚመለከት ይመስለዋል፤ የቆጣሪ ማመልከቻም፣ የጠፋ መታወቂያም መጨረሻው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከአምና ወዲህ ደግሞ ፋሽኑ ተቀይሯል። «ለዕደ ጥበብ ባለሙያዎችና ለጀማሪ አርቲስቶች የተመቻቸ የሽልማትና የድጋፍ ዕድል» ይላል በየስልኩ የሚዞረው ማስታወቂያ። ዕድል ይበለው እንጂ ከሥሩ ያለውን ስታነቡት ፈተና ነው። የሥራው ጽንሰ ሐሳብ፣ የባለሙያው ራዕይ፣ ሥራው ከኅብረተሰቡ ጋር ያለው መስተጋብር… እስቲ አሁን ድስት የምትሠራ ሴትዮ ራዕይዋ ምን ይሁን? ድስቱ እንዳይሰነጠቅባት ነዋ!

ያም ሆኖ አምና ለጋሽ ሙሜ ቅጽ የሞላሁት ለምኖኝ ሳይሆን ለምኜው ነው። ጋሽ ሙሜ የሰፈራችን ወንበር ሠሪ ነው። አጠር ያለ፣ መቀመጫው በገመድ የተጠፈረ፣ መደገፊያው ትንሽ ወደኋላ ሸርተት ያለ ወንበር ይሠራል። አመሻሽ ላይ የድሬ ሙቀት በረድ ሲል ሰው ሁሉ ደጁ ወጥቶ ይቀመጥ የለ? በእኛ ሰፈር ከሚቀመጡበት ወንበር ግማሹ የእሱ ነው። ችግሩ ቀኝ ትከሻው ላይ ነው። ዕድሜ ልኩን እንጨት በእጁ ሲልግ ኖሮ አሁን ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሣ ብሎታል። ሐኪሙም ቁርጡን ነግሮታል፤ ወይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መላጊያ ግዛ፣ ወይ ሥራውን ተው። መላጊያው አይቀመስም። ሥራውን ከተወ ደግሞ ጋሽ ሙሜ ጠዋት ተነሥቶ ምን እንደሚያደርግ እኔም አላውቅ፣ እሱም አያውቅ። ሽልማቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ለሙያው የሚያስፈልግ መሣሪያ» ይላል ማስታወቂያው። ታዲያ እንዴት ዝም ልበል?

«ጋሽ ሙሜ፣ የሥራህ መነሻ ሐሳብ ምንድነው?» አልኩት ቅጹን ጭኔ ላይ ዘርግቼ። ድሬ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው፣ እንዳትቀየሙን።

«የምን መነሻ?»

«ወንበር ለምን ትሠራለህ ነው የሚሉት።»

እብድ ያየ ይመስል አየኝ። «አቦ ሰው ይደክመዋላ!»

ይህችን አንድ መስመር የማትሞላ መልስ ወስጄ፣ «የሰው ልጅ ዘላለማዊ የዕረፍት ፍለጋ» ምናምን እያልኩ ግማሽ ገጽ አደረግኋት። ሳነብለት «ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» ብሎ ተደነቀ።

ቀጥሎ አምስት ሥራ ለዕይታ አቅርቡ ተባለ። ቤቱ ስንሄድ አንድም ወንበር የለም። «ሠርቼ ሠርቼ እቤቴ ላስቀምጠው እንዴ? ሰው ይወስደዋላ!» አለኝ። ስለዚህ የሸጠውን ልንበደር ሰፈር ለሰፈር ዞርን። ሁለቱን ከእኔ ቤት፣ ሁለቱን ከፀጉር አስተካካዩ ወሰድን። አምስተኛውን ቀፊራ ገበያ ቅመም ከምትሸጠው ከዘሃራ። ዘሃራ ተነሥታ ወንበሯን ስትሰጠን ግን እንዲሁ አልሰጠችንም፤ «እግሯ ትንሽ ትነቃነቃለች፣ በዚያው ጠበቅ አድርጋት» አለችው። ፀጉር አስተካካዩም ገመዱ ላልቷል አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስለ አንዱ መደገፊያ ጣል አድርጌያለሁ። ያ የታመመ ትከሻ ሁለት ቀን ሙሉ በነፃ ሲጠግን ከረመ።

የዕይታው ቀን ዘሃራ ከወንበሯ ጋር አዳራሹ ድረስ መጣች። «ወንበሬ ባለችበት አለሁ» ብላ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። የእኛ ቦታ ከበሩ አጠገብ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይገባሉ የተባሉት ሦስት ዳኞች መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶባቸው ስምንት ሰዓት ላይ ደረሱ። የድሬን ስምንት ሰዓት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ላብ አጥምቋቸዋል፤ አንዷማ ወገቧን ይዛ ነው የገባችው።

ጋሽ ሙሜ ይህን ሲያይ ምን አደረገ? እንግዳ ቆሞ ሊያይ ነው እንዴ? ወንበሮቹን ሳብ ሳብ አደረገና «ቁጭ በሉ እንጂ አቦ!» አለ። ቁጭ አሉ። አራተኛው ላይ ሾፌሩ፣ አምስተኛው ላይ ካሜራ ያዡ። ወገቧን የያዘችው ሴትዮ «እፎይ!» ያለችው እስከ ውጭ ድረስ ይሰማል።

«ጋሽ ሙሜ፣ ሥራዎችህ እኮ ናቸው! አስነሣቸው!» አልኩት በጆሮው።

«እንግዳ ላስነሣ? አንቺ ልጅ ጤናም የለሽ?»

ዳኞቹ አልተነሡም። ማን ይነሣል? ወንበሩን አውቀዋለሁ፣ አያስነሣም። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ቢጠብቁ ቢጠብቁ የሚመጣ ሲያጡ፣ ሰፌዱንም፣ ሥዕሉንም፣ ገንቦውንም እየተሸከሙ ወደ ዳኞቹ አመጡ። እነሱም እዚያው ደገፍ እንዳሉ እያገላበጡ አዩ፣ ጻፉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጡ፣ ሳቁ። አዳራሹ ውስጥ ካለው ሥራ ሁሉ ያላዩት የተቀመጡበትን ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውጤት ተነገረ። አንደኛ የወጣው ከሽቦና ከተቆራረጠ ጄሪካን የተሠራ ወንበር ነው። አዎ፣ ወንበር! ዙሪያውን ገመድ ተወጥሮበት «አይቀመጡበት» ተብሎ ተጽፎበታል። የሠራው ወጣት ጎበዝ ነው፣ አልቀናሁበትም። «ወንበር ምን እንደሆነ ቆም ብለን እንድናስብ አድርጎናል» አለች ወገቧን የምታመው ዳኛ፣ እንደተቀመጠች። ጋሽ ሙሜስ? በስሙ ትይዩ «ሥራዎቹን አላቀረበም» ይላል።

«አላቀረበም?!» ዘሃራ ከግድግዳው ተላቀቀች። «ዓይናችሁ ባያየው ወገባችሁ አላየውም?»

ዳኞቹ ወደ ታች አዩ። አንድ በአንድ ብድግ አሉ፣ ሴትየዋ ፊቷ ቀላ። «ውይ፣ በጣም ይቅርታ! የአዳራሹ መስለውን እኮ ነው» አለች። ግን ውጤቱ ተፈርሟል፣ ተነቧል፣ ተጨብጭቧል። ጋሽ ሙሜን ሳየው፣ እሱ ለእነሱ አዝኗል። «ምን አስነሣችሁ? ቁጭ በሉ» ይላል።

ባለፈው ሳምንት የዘንድሮው ማስታወቂያ ወጣ። አሁንስ ተምሬያለሁ ብዬ ታይዋን ገበያ ሄጄ ቀይ ሪባን ገዛሁና የጋሽ ሙሜን አዲስ ወንበር አጠርኩበት። በማግሥቱ ጠዋት ቤቱ ብቅ ስል ወንበሩ ላይ ዘሃራ ተቀምጣለች። ሪባኑ ጋሽ ሙሜ አንገት ላይ ነው፤ ቀኝ ክንዱን አንጠልጥሎበታል። በግራ እጁ ይልጋል።

 ቅጹን አወጣሁና «ተጨማሪ ማብራሪያ» ከሚለው ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ክቡራን ዳኞች፣ እባካችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ቆማችሁ እዩት።»

«ምን ጻፍሽ? አንብቢልኝ» አለ ጋሽ ሙሜ። አነበብኩለት።

«ኧረ ነውር ነው! ደክሟቸው የመጡ ሰዎች… ሰርዢው!»

ቅጹ ላይ ሰረዝኩት። እዚህ ጻፍኩት።