በቀን ሁለት ጊዜ ሱዚ

በእኛ ከተማ ወፍራም ልጅ የወላጆቹ ብቻ አይደለም። ያገኘው ሁሉ ጉንጩን ይቆነጥጣል፣ «ማሻአላህ» ይላል፣ እናቱን ያመሰግናል። ቀጭን ልጅ የወለደ ግን ወዮለት! ልጁ ቢሮጥ፣ ቢስቅ፣ ከክፍሉ አንደኛ ቢወጣ ዋጋ የለውም፤ «ምን ነካው?» ይሉታል። ስለዚህ እናበላለን። ማንም «ለምን?» ብሎ የማይጠይቀው ፍቅር ማብላት ነው።

እኔም አበላሁ። አልክድም።

ልጄ ነዒማ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ባጃጅ ይጠብቃታል (እኛ ያንን መንገድ በእግራችን፣ ያውም ድንጋይ እየለጋን ነበር የምንጨርሰው)። ባጃጁ ጀጎል ውስጥ አያቷ ቤት ያደርሳታል፤ እኔና ባለቤቴ ከሥራ እስክንወጣ እዚያ ትቆያለች። አያቷ ሳምቡሳ ጠብሰው ይጠብቋታል። እኔ ደግሞ ልወስዳት ስመጣ ሐላዋ ይዤ እመጣለሁ። ሌላውን እናንተ ገምቱት።

ዘንድሮ በድንገት ተመዘዘች። ግንባሯ ላይ ብጉር ወጣ። ሰውነቷ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መሰለ፤ ልቧ ግን እዚያው ዘጠኝ ላይ ቀርቶ አሻንጉሊት ያቅፋል።

ይህን ከሁላችን ቀድመው ያዩት አያቷ፣ አማቴ ሐጂያ ናቸው። በሐረር ቤት ውስጥ መደቡ ከፍና ዝቅ ያለ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይነገር ይታወቃል። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ሳለ ሐጂያ ነዒማን ከልጆቹ ምንጣፍ አስነሥተው ከሴቶቹ መደብ ላይ አስቀመጧት።

«ከዛሬ ጀምሮ ቦታሽ እዚህ ነው። ደርሰሻል። ደጅ ወጥቶ መዝለል ነውር ነው።»

ሹመት ነበር። ተሿሚዋ ግን ልታለቅስ ደረሰች። ደጅ ማለት ጠባቧ መተላለፊያ ናት፤ ሁለት ልጆች ላስቲክ በእግራቸው ወጥረው ሱዚ የሚዘለልባት። ነዒማ ከመደቡ ላይ ሆና የጓደኞቿን ጩኸት ትሰማለች፤ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ስለ ወገብ ሕመም ያወራሉ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ፣ «አባ፣ ትልቅ መሆን የሚያልቀው መቼ ነው?» አለችኝ።

እስቲ እናንተ መልሱላት።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። መረመረቻት፣ መዘነቻት፣ ደሟን አስመረመረች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«በሽታ አላገኘሁባትም። ግን ውፍረቱ ሳያቻኩላት አልቀረም። ሰውነት ስብ ሲያከማች ‹ስንቁ ሞልቷል› ብሎ ጉዞ ይጀምራል። ወፍራም ልጅ ሁሉ እንዲህ አይሆንም፤ ቀድማ የምትደርስ ቀጭን ልጅም አለች። በየጊዜው እያመጣችሁ እናያታለን። እስከዚያ ጣፋጩን ቀንሱ፤ ትሩጥ፣ ትዝለል። ለመሆኑ ጣፋጩን የሚያመጣላት ማነው?»

ጣሪያውን አየሁ። ነዒማ በጣቷ ጠቆመችኝ።

«መዝለሉን አያቷ ከልክለዋል» አልኩ፣ ወሬ ለማስቀየር።

«ንገሯቸዋ!»

ይህች ሐኪም አማት የላትም ማለት ነው። ሰው ከአማቱ ጋር አይከራከርም፤ እጅ ነሥቶ ይወጣል እንጂ። በዚያ ላይ ሐጂያ ምክር አይሰሙም። መድኃኒት ግን ያከብራሉ። ለራስ ምታት አንዲት ኪኒን ሲውጡ እንኳ ሰዓት አይተው፣ ቢስሚላህ ብለው ነው።

«እባክዎ ዶክተር፣ በወረቀት ይጻፉልኝ። ማኅተምም ይኑረው።»

ሳቀች። ጻፈችልኝ ግን፦ ሱዚ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት።

ለሐጂያ አነበብኩላቸው። ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ገለበጡት፣ ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ሱዚ የሚሉት ያንን የላስቲኩን ነው?»

«አዎ፣ ሐጂያ።»

ነዒማ ትንፋሿን ውጣለች።

«እንግዲህ መድኃኒት ነውር የለውም» አሉ።

አሁን ሰዓቱ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሐጂያ በሩ ላይ ቆመው፣ «እናንተ ልጆች! ምን ትጎለታላችሁ? ላስቲኩን ወጥሩ እንጂ፣ የልጅቷ ሰዓት አለፈ!» ይላሉ። አንድ ቀን ዝናብ ጣለ። ሄጄ ሳይ ቤት ውስጥ ሁለት የተከበሩ ሴቶች ከመደቡ ወርደው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ላስቲኩን በቁርጭምጭሚታቸው ወጥረዋል። ነዒማ መሐል ትዘላለች። የወገብ ሕመሙን ያነሣ የለም።

ትናንት ስደርስ ሐጂያ ማር የፈሰሰበት ቂጣ ይዘው ይከተሏታል።

«ሐጂያ፣» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጣፋጭ ተከልክላለች እኮ።»

እንደ ሞኝ አዩኝ።

«መድኃኒት በባዶ ሆድ ይወሰዳል እንዴ?»

ነዒማ አንድ ጉርሻ ጎርሳ ወደ ደጅ በረረች።