ቀዩ መኪና ሚስማር ሲበትን

በሐሰት መመስከር ነውር መሆኑን አገር ያውቃል። በማያውቁት ቋንቋ መመስከርን የከለከለ ሼህም ሆነ ቄስ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ብትሰሙ ንገሩኝ፤ የምከሰው ሰው ስላለኝ ነው።

ሰውየው ጋሽ ይማም ይባላሉ። መካነ ሰላም ገበያው ዳር ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ሦስተኛ ክፍል ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ የመኪና እሽቅድምድም የሚያሳይ የካርቱን ፊልም ይከፍቱልን ነበር። ፊልሙ ያኔም አሮጌ ነው። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ ጋሽ ይማም ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው፣ በከዘራቸው እየጠቆሙ ይተረጉሙልናል። የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ቀን ሲያቃስት እያየን ላደግን ልጆች፣ መኪና ሲበር ማየት ምን እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

ጀግናችን ቀዩ መኪና ነበር። ጀግና ነው ያሉን ጋሽ ይማም ናቸው። አንድ ቅዳሜ የቀዩ ሾፌር በመስኮት ሚስማር በተነና ከኋላ የሚመጡት መኪኖች ጎማ በየተራ ፈነዳ። አንድ ዳቦ ቆርሰን የምንበላ ጓደኛዬ ሁሴን ከአጠገቤ ብድግ አለ።

«ጋሽ ይማም፣ ኧረ ይኼ ሌባ ነው! ሚስማር በተነ እኮ!»

«ቁጭ በል አንተ! የሚከተሉት ሽፍቶች ናቸው።»

«አረንጓዴው መኪናስ? የወደቀ ሊያነሣ ቆመ እኮ!»

«ነዳጅ አልቆበት ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሳቄ አልበቃ ብሎኝ ሁሴንን ውጭ ድረስ ተከትዬ፣ «ወላሂ ውሸታም ነህ!» አልሁት፤ እኔ የቄስ ልጅ። ሁሴን ሰኞ ዕለት ዴስክ ቀየረ። ሰባት ዓመት አንድ ክፍል ተምረን ሰላምታ አልነበረንም።

ባለፈው ክረምት የአጎቴ ልጅ ያንኑ ፊልም ከደሴ በሲዲ አመጣ። አሁን አሥረኛ ክፍል ነኝ፤ እንግሊዝኛው እየተንገዳገደም ቢሆን ይገባኛል። ቀዩ ሌባ ነው! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሌባ! ባለታሪኩ አረንጓዴው ነው። ለሚስማር በታኝ ጥብቅና ቆሜ ነው ለካ ጓደኛዬን ያጣሁት!

ለታላቅ ቀና ብዬ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጋሽ ይማም ቤት ሄጄ፣ «ለምን ዋሹን?» አልኋቸው።

«እንግሊዝኛ የት አውቄ ነው ልጄ? ፊት ፊት ሲሄድ ሳየው ጊዜ ጀግና መሰለኝ።»

አያናድድም? ፊት የሄደ ሁሉ ጀግና፣ ጎማው የፈነዳበት ሁሉ ሽፍታ! ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ ለማለት የማያውቁት አገር ድረስ ሄዷል። እሳቸው ከሰፈራቸውም አልወጡ።

«እንግዲያው ሽማግሌ ሆነው ያስታርቁን» አልሁ። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ።

አብረን ወደ እነ ሁሴን ቤት ሄድን። ሁሴን በራቸው ላይ ቆሞ ነበር። «አንተ ነበርህ ልክ» አልሁት።

ሁሴን ወደ እኔ ሳያይ፣ «በሌባ ሾፌር የለወጠኝን ሰው አላውቀውም» አለ።

ጋሽ ይማም በከዘራቸው ወደ እሱ ጠቆሙ፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«ናፍቀኸኛል ነው የሚልህ።»

እኚህ ሰው ዛሬም አልተዉም! ደሜ ፈላ። ሁሴን እንደ ድሮው ጮክ ብሎ «ውሸት ነው!» ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

አላለም።