የአሳማው ካርታ በፍየል ጥብስ ላይ

ማስረዳት የሚወድ ሰው ትልቁ ችግሩ የእውቀት ማነስ አይደለም፤ ምሳሌ ማጣት ነው። ሲቸግረው አጠገቡ ያለውን ያነሳል። አጠገቤ የነበረው ጥብስ ቢሆን ጥፋቱ የማን ነው?

ሸዋ ሮቢት፣ በአክስቴ በእትዬ አስካለ ምግብ ቤት አስተናግዳለሁ። በትርፍ ጊዜዬ፣ ማለትም እንግዳ እየጠበቀኝም ቢሆን፣ በስልኬ ሳይንስ አነባለሁ። የዚያን ቀን ያነበብኩት ስለ አሳማ ነበር። ተመራማሪዎች ሰውነት እንዲያድግ የሚያዝዝ አንድ ጂን ከአሳማ ለይተው አባዙት፤ ከዚያም በየትኛው ክሮሞሶም ላይ እንደተቀመጠ ፈልገው አገኙ። የቤት ቁጥር እንደ መስጠት በሉት፤ እነሱ የጂን ካርታ ይሉታል። ይህ በሆድ ይያዛል?

ደንበኛችን ጋሼ ደምሴ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የፍየል ጎድን ጥብስ ቀርቦላቸዋል። ስነግራቸው፣ ክሮሞሶም ደግሞ ምንድን ነው አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእኔ እንደ ሹመት ነው። ጎድኖቹን በሹካ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ደረደርኩ። አሳማ ዐሥራ ዘጠኝ ጥንድ ክሮሞሶም ስላለው፣ አጥንት ሲያልቅብኝ በቃሪያ ሞላሁ። "እንግዲህ ይህ አሳማ ነው እንበል፤ ጂኑ ያለው እዚች ጠማማዋ ጎድን ላይ ነው" አልኩ።

የሦስቱም እጅ ከትሪው ተነሳ።

አክስቴ ነገሩን ሰምተው፣ ጠዋት የታረደውን ፍየል ጭንቅላትና ቆዳ ለማስረጃ ይዘው ከጓዳ ወጡ። ጋሼ ደምሴ ግን፣ "ፍየል መሆኑማ መች ጠፋኝ፣ እትዬ? አንዴ ስሙ ከተነሳበት በየት በኩል ይውረድልኝ?" አሉ። የአክስቴ ቤት የሚኖረው በሹፌር ነው። ሦስቱ ሳይበሉ ቢነሱ ወሬው ከመኪናቸው ቀድሞ ቀጣዩ ከተማ ጀውሃ ይገባል፤ እኔም ከነስልኬ ደጅ ነኝ።

አክስቴ፣ ስሙን ያመጣኸው አንተ ነህ፣ ያንኑ በፍየል ድገመው አሉኝ። ጂኑ ፍየል ላይ የት እንዳለ ግን አላነበብኩም። ላቤ የሮቢትን ሙቀት አስናቀ። "ይህ ፍየል ነው። ቅድምም ፍየል ነበር። የቀረውን አላውቅም" አልኩ።

ጋሼ ደምሴ አማተቡ፣ አንድ ጎድን አነሱ። ባልደረቦቻቸውም ተከተሉ። ያ ሁሉ ሊቅ የለፋበት ካርታ፣ ቃሪያው ሳይቀር፣ ዓይኔ እያየ ተበላ። ካርታው ሲጠፋ እንደ እኔ እፎይ ያለ ተመራማሪ ያለ አይመስለኝም።

በመጨረሻም ጋሼ ደምሴ፣ "ለመሆኑ ያቺ የምታሳድገዋ የትኛዋ ነበረች?" አሉኝ። ጠማማዋን እየጋጧት ነው። አክስቴን አየሁ፤ አክስቴም አዩኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የማውቀውን ነገር አላውቅም ብዬ ትሪውን አነሳሁ።